እንጥሉን ሊቆርጡ መጥተው

ትናንት ከሰዓት የልጄን ልጅ ታቅፌ ቁጭ ብዬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ... እትዬ ሙሉ ናቸው፣ የእናቴ ታናሽ እህት። ከመናኸሪያ እስከ እኛ ሰፈር ድረስ በባጃጅ መጥተዋል። ከኋላቸው አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ቆመዋል።

«እንጥል ቆራጭ ናቸው። እጃቸው ቀላል ነው» አሉኝ፣ ጎመን የሚከትፍልኝ ሰው ያመጡልኝ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ያለጊዜው ነው የተወለደው። ሆስፒታል ሳለን ትንፋሹ ቆም ይል ነበር፤ ነርሷ እግሩን ነካ ስታደርገው ይቀጥላል። ወተትም ይመልሳል። እኔ ወተቱ እያነቀው መስሎኝ ዶክተሯን ጠየቅኳት።

«አንጎሉ ገና ስላልጠና መተንፈስ ይረሳል፤ ሲጠና ይተወዋል። ወተት መመለሱ ሌላ ነው። አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም» አለችኝ።

እውነትም ተወው። ወደ ቤት የላኩንም ከተወው በኋላ ነው። ወተቱን ግን እስካሁን ይመልሳል... እየመለሰም ይወፍራል።

ይህን ሁሉ ብነግራቸው እትዬ ሙሉ የት ይሰማሉ። «የሚመልሰው እንጥሉ ረዝሞ ነው። አንድ ቀን ትንፋሹ እዚያው ይቀራል» አሉ። ልጄ፣ እናቱ፣ ከጓዳ ወጥታ እኔን እኔን ታያለች።

«ይህን ልጅ ምላጭ አይነካውም» አልኩ። «የግድ መቆረጥ ካለበት የኔ ይቆረጥ። ወሬዬ ከቀነሰ ሰፈሩም ይመርቃችኋል።» አፌንም በረገድኩት።

ሴትዮዋ ቀልድ አያውቁም። ወደ መስኮቱ አዙረውኝ አዩ... አዩና፣

«የእርስዎማ ድሮ ተቆርጧል።»

በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። እትዬ ሙሉ ፈገግ አሉ። «እኔ ነኝ ያስቆረጥኩልሽ። ልክ እንደሱ ታስመልሺ ነበር። ይኸው አደግሽ፣ ምን ሆንሽ?»

«ታዲያ ይሄ ደረቴን የሚያቃጥለኝ ቃር ከየት መጣ? ተልባ የሚልኩልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

እትዬ ሙሉ መልስ ፍለጋ ሴትዮዋን አዩ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አዩ።

ግን እትዬ ሙሉ ተሸንፈው አያውቁም። «በይ አምጪው፣ ልቀፈው» አሉ። ገና ትከሻቸው ላይ ከማድረጋቸው፣ አዲሱ ነጠላቸው ላይ ወተቱን ለቀቀው። ሁላችንም ነጠላውን አየን...

ከዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ያላቆመው እሱ ብቻ ነበር።