ዓርብ ዕለት ኩብሪው ክፍት ነበር

ይህን ባሌ ተስፋዬ አያውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬም ዘልዬዋለሁ። ወሬ የምወድ ሴት ነኝ፤ ይቺን ግን ዋጥኳት። ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ላውጣት።

ካርቱም፣ ካፉሪ ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ስድስት ሴቶች ነበርን። በየመዳማችን ቤት እያደርን፣ ዓርብ ዓርብ የምንገናኝባት አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። እዚያ ጫማ ይወልቃል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ሐሜቱ ይደራል። ታላቃችን እትዬ ዘነበች ናት። ታምሜ ከሥራ ስባረር ሁለት ወር እዚያች ክፍል ያስተኙኝ፣ በማንኪያ ያጎረሱኝ እነሱ ናቸው። ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁልኝ ነው አስቀድሜ የነገርኳችሁ።

ከተስፋዬ ጋር ከወንዙ ማዶ ቡሪ ቤት ይዘን ልንጋባ ስንል ቀኑን ዓርብ ያደረግነው ለእነሱ ስል ነው። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም። እትዬ ዘነበችም፣ «የሠርግሽን ዶሮ ሌላ ሰው ቢነካው ወላሂ አልመጣም!» ብላ ዛተች።

የሱዳን አብዮት አልፎ የሽግግሩ ጊዜ ነበር። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጠዋት የተከራከርንበት ዋጋ ማታ ስንመለስ አያውቀንም። ድንኳኑን አሳነስን፣ ቪዲዮውን ሰረዝን፤ ገንዘቡ አሁንም አልበቃ አለ። የቀረው ሰው መቀነስ ነበር። የተስፋዬን ዘመዶች? ያሙናል። አከራያችንን? ያስወጣናል። ዓይኔ አምስቱ ጓደኞቼ ላይ አረፈ። ለምን እነሱ? ስለሚወዱኝ! የሚወደኝ አይቀየመኝም ብዬ የሚወዱኝን ቀነስኩ። እኔ ነኝ የቀነስኳቸው። ለተስፋዬ፣ «መዳሞቻቸው ከለከሏቸው» አልኩት።

በሠርጉ ሳምንት ነዳጅ ተወደደ ብለው ወጣቶቹ ጎማ እያቃጠሉ መንገድ ይዘጉ ነበር። ከካፉሪ ወደ ቡሪ የሚያሻግረውን ድልድይ፣ እኛ ኩብሪ የምንለውን፣ ሐሙስ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ መኪናው እንደ ልቡ ይመላለስበታል። ያንኑ ዕለት ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ።

«ኩብሪው ተዘግቷል። ሠርጉ ተላልፏል። ለአራቱ ልጆችም ንገሪልኝ።»

«አይዞሽ የኔ እናት፤ ኢንሻላህ ይከፈታል» አለችኝ። አጽናናችኝ! እኔን!

ዓርብ፣ ምሳው መሐል ወጥ አጠረ። የተስፋዬ አጎት ባዶ ሳህን ይዘው ግራ ቀኝ ያያሉ። ላቤ በቬሎዬ ውስጥ ይወርዳል። ይህን ጊዜ እትዬ ዘነበች በድንኳኑ በር ገባች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በነጠላ የታሰረ ትልቅ ድስት አቅፋ። ሠርጓ የቀረባት ልጅ ብቻዋን እንዳታለቅስ፣ መንገዱ ከተዘጋም በእግሬ እሻገራለሁ ብላ፣ የዛተችበትን ዶሮ ሠርታ፣ ክፍት በሆነው ኩብሪ ተሻግራ መጥታ ነው።

ድንኳኑን አየች። ቬሎዬን አየች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

ድስቱን አስቀመጠችና፣ «እናንተ! ሙሽራ ያለ ዶሮ ትዳራለች እንዴ? ያላ፣ ሳህን አቅርቡ!» አለች። ሰው ሳቀ። አጎትየው ጠግበው መረቁን። ስታልፈኝ ጥልፍልፍ ያለውን ዓይነ ርግቤን አቃናችልኝና በጆሮዬ፣ «ለልጆቹ፣ መንገዱ በድንገት ተከፈተ እላቸዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም። እስከ ዛሬም አልወጣትም።

ሞኝነቴን አያችሁት? እኔ የቆጠርኩት የሚበላ አፍ ብቻ ነበር። የእኛ ሰው ሠርግ ባዶ እጁን መጥቶ ያውቃል? አምስቱም ቢመጡልኝ ኖሮ አምስት ድስት ይመጣ ነበር።

ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እትዬ ዘነበች ናት። እሷን የሰጠኝን አምላክ ሳላመሰግን አላድርም። አራቱ ግን ዛሬም፣ «ያ መንገድ ባይዘጋ ኖሮ እስክስታውን እናስነካው ነበር» እያሉ ይቆጫሉ። ያዝኑልኛል። እኔም አብሬያቸው አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ኑሮ ተወዶ ነበር ብል እውነት ነው። ከተማው ታምሶ ነበር ብልም እውነት ነው። ኩብሪው ግን ክፍት ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።