አባዬን የካድኩበት መድረክ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ሦስት ቀን ተጠራጠርኩ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከኔ የተሻለ የሚነገር ነገር ያለው ሰው ሞልቷል። ግን ትናንት ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ሳጠና ያ የድሮ ሮክ ዘፈን ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ አልቻልኩም።

ልጅ ሳለሁ ባደግኩበት ሰፈር፣ ፉሩሴት ውስጥ ዘፈኑን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እኛን ያሳበደን ደግሞ የባንዱ አንድ የመድረክ ቪዲዮ ነው። ዝናብ እየወረደባቸው ጊታር ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ዘፋኙ ዝም ይላል፣ አዝማቹን ሕዝቡ ይጨርስለታል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ጸደይ፣ የመንገዱ በረዶ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በወጣቶች ክበቡ አዳራሽ ያንኑ ደገምነው። ቤቱ ለልጆቹ የሚጋገረውን ጣፋጭ ቂጣ፣ ቫፈል ቫፈል ይሸታል። ተንበረከኩ፤ ልጆቹ አዝማቹን ተቀበሉኝ። እንደዚያ የተወደድኩበት ቀን የለም።

በዚህ መሀል አባዬ ከነአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሙ ገባ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ትከሻውን እየሰበቀ መድረኩ ላይ ወጣ፤ «አንበሴ! የኔ አንበሳ!» ብሎ መቶ ክሮነር በምራቁ ነካ አድርጎ ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ። በአገሩ ዘፋኝ የሚሸለመው እንደዚያ ነው።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ልብስህን እንድታወልቅለት ነው እንዴ የሚከፍልህ?» አለ ከበሮ መቺያችን ሄንሪክ። «ማነው ሰውዬው?»

ማይክሮፎኑ አፌ ሥር ነበር። «አይ፣ አላውቀውም» አልኩ በኖርዌጅኛ። «አውቶቡሱ ጠፍቶበት ይሆናል።»

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አለ አባዬ፣ እሱም በኖርዌጅኛ። ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ።

ቤት ስገባ ፓስታ በስጎ ሠርቶ ጠበቀኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ሥጋውን ከፊቱ ወደኔ ገፋልኝ። የረሳው መሰለኝ። በማግስቱ ባቡር ጣቢያ «አባዬ!» ብዬ ስጠራው ግን እንደ ማንም ተሳፋሪ አየኝና ሌላ ፉርጎ ውስጥ ገባ። አንድ የአገሩ ሰው የገበያ ማዕከሉ ውስጥ «ልጅህ አይደል?» ሲለው፣ እየሰማሁ «አይ፣ አመሳስለኸው ነው» አለ።

ቤት ስንገባ አለቀስኩ። «አባዬ፣ ይቅርታ።»

«በማይክሮፎን ክደኸኝ ሳሎን ውስጥ ይቅርታ? እዚያው ውጣና ተናገር።»

መድረኩ አርብ አርብ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነበር። ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹ ያንን ዘፈን ጠየቁኝ፤ ተጫወትኩላቸውና ወረድኩ።

ከዓመት በላይ አባት የነበረኝ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ጀምሬ የተማሪዎች ማደሪያ ስገባ ሻንጣዬን እስከ በሩ ተሸክሞ፣ ደፉን ሳይሻገር አስቀመጠልኝና ጉንጬን ሳመኝ። በሳምንቱ ልጠይቀው መጥቼ አንኳኳሁ። ከፈተ። እኔ ውጭ ቆሜያለሁ።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

ጨካኝ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ያደረገው ቃሌን ማክበር ብቻ ነው፤ የጠየቀኝም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያረፈው አምና ነው፤ ለቅሶ የመጡ ሰዎች መቼ እንደተለየኝ ሲጠይቁኝ የሆስፒታሉን ቀን ነገርኳቸው። እኛ የተለያየነው ግን በዚያ በር ላይ ነው፤ ቅዳሜ፣ ኦገስት 29 ቀን 2009።