ያልባረክሁላት ዶሮ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መሻሬን፣ ሐሜቴንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ኃጢአት አይመስልማ፤ የኮርስ ጉዳይ ነው። ሰው በኮርስ መመሪያ ይበድላል ብሎ ማን ያስባል? እናንተ አታውቁኝም፤ ቀኖናም አትሰጡኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው።

ሰቆጣ ላይ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአካባቢው ተወላጅ አይደለሁም፤ ከደብረ ታቦር ተመድቤ መጥቼ በዚሁ ቀረሁ። የባዮሎጂ ዲፓርትመንት ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚወስደው መግቢያ ኮርስ አለ። ያን ኮርስ እንደ አዲስ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ። የድሮው ኮርስ ችግር ነበረበት፤ በዚህ አልዋሽም። ለተግባር ፈተናው ተማሪዎች በቡድን አንድ ዶሮ ይሰጣቸዋል። አንዱ ያርዳል፣ አንዱ ይከፍታል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ፣ ሪፖርቱን ይገለብጣሉ፣ ሁሉም ያልፋሉ። ጉበትና ኩላሊት ሳይለይ የተመረቀ ልጅ አውቃለሁ።

እናም እኔ «በቡድን» የሚለውን ሰረዝሁ። እኔ «እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ አርዶ፣ ራሱ ከፍቶ የውስጥ አካሉን ያሳያል» ብዬ ጻፍሁ። ይህን ያላለፈ ዲፓርትመንቱ አይገባም ብዬ የጨመርሁትም እኔ ነኝ።

የኮሚቴው አባል የሆነ አንድ የዚሁ አገር፣ የኒሯቅ ሰው፣ «ሴቶቹስ? ማን ይባርክላቸዋል?» አለኝ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ዶሮ እንደማታርድ ታውቃላችሁ።

«ሳይንስ ወንድና ሴት አያውቅም» አልሁት። አባባሌ እኔኑ ደስ አለኝ። መመሪያው ጸደቀ።

አላወቅሁም ልበል? አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዋን በክንፉ ይዛ ደጅ ቆማ ወንድ እስኪያልፍ ስትጠብቅ እያየሁ አይደል ያደግሁት? «እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። እምቢ ያላት ሰው አላየሁም። ቸኩሎ የሚሄደው እንኳ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በስመ አብ ብሎ ያርድላታል፤ እጁን ታጥቦ መንገዱን ይቀጥላል። አውቅ ነበር። አውቄ ነው የጻፍሁት።

ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ሲያልቅ ሥጋው ተሠርቶ ይበላል። ከተማ ካደጉት ሴቶች አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው አረዱ። አንዷ እያለቀሰች አረደች። ዝናሽ ብቻ ቀረች።

ዝናሽ የፃግብጂ ልጅ ናት። ቤቷ የሚነገረው ኽምጣና ስለሆነ አማርኛውን ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ባዮሎጂ ተምሬ ተመልሼ እኔ የተማርሁበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ» ትል ነበር፤ ሌላ ዲፓርትመንት አልመረጠችም። ዶሮውን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይባርኩልኝ። ማወራረዱን እኔው እሠራዋለሁ።»

የጠየቀችኝ ይኸው ነው። እናቴ አላፊ አግዳሚውን የምትጠይቀውን።

«መመሪያው ራስሽ ነው የሚለው» አልኋት። መመሪያውን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል።

«እኔ ያረድሁትን ማን ይበላል? ወንድ ባለበት እንዴት ላድርገው?»

«እንግዲያ ዜሮ ነው።»

አንድ ወንድ ተማሪ ሊያርድላት ከቦታው ተነሣ። ተቀመጥ አልሁት፤ ተቀመጠ። ዝናሽ ፈተናው እስኪያልቅ ዶሮውን ታቅፋ ጥግ ላይ ቆመች። ሲያልቅ ዶሮውን ከነነፍሱ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው። «ይቅርታ ቲቸር» ብላኝ ወጣች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ግትርነት ነው ብዬ ራሴን አጽናናው ነበር። አላበቃም። አቤቱታ አቀረበችና የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አስጠርቶ ጠየቀኝ። «ፈተናውን ጥላ ወጣች» አልሁት። ጥሎ የወጣ ተማሪ ዳግም እንደማይፈተን አውቃለሁ። ለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብናገር መመሪያዬ ይሳቅበት ነበር። እኔ ላይ እንዳይሳቅ እሷን ጥላ ወጣች አልሁ። እስከ መጨረሻው የቆመችውን ልጅ። ኃላፊው እኔን አመነኝ፤ አቤቱታዋ ተዘጋ።

ያልመረጠችው ዲፓርትመንት መደቧት። ትንሽ ተምራ ተወችው። በኋላ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ ዝናሽ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገሩ ከሄዱት ጋር መሄዷን ነገረችኝ። ደረሰች ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «እሺ» ብዬ ወደ ክፍል ገባሁ። የዚያን ቀን ትምህርቴን እንደ ወትሮው አስተማርሁ። ምሳዬንም በላሁ።

ዘንድሮ ኮርሱ እንደገና ሲከለስ ያችን ዐረፍተ ነገር ራሴ አወጣኋት። አሁን ዶሮውን ማንም ይረደው፤ መክፈቱንና ማሳየቱን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። ማንም አይገለብጥም፣ ማንም አይቀርም። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ባልደረቦቼ ጥሩ ማሻሻያ ነው ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ።

የምኖርበት ግቢ ውስጥ ባሎቻቸው በሥራ የራቁ ሴቶች አሉ። በዓል ሲመጣ ዶሯቸውን ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። «ጋሼ፣ ይባርኩልን» ይሉኛል። እወጣለሁ፣ በስመ አብ እላለሁ፣ አርዳለሁ፣ እታጠባለሁ። አንድም ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። ለማላውቃት መንገደኛ እንኳ ባርኬያለሁ። በዚህ የሚቀንስልኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ምንም አይሰማኝም፤ ውኃው ይቀዘቅዘኛል፣ ያ ብቻ ነው።

ያን የፈተና ቀን ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እኔም ሥራ አልነበረኝም።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እኔን ይቅርታ ጠይቃ ነው የሄደችው።