አንዲት ትርፍ ቀለም

ጣት ጠረጴዛ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። ጅጅጋ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበር። በደረቁ ወራት፣ ነፋሱ አቧራ እያነሳ በርና መስኮት ሲያዘጋን፣ ታላቅ እህቴን ጽጌረዳንና እኔን ፊቱ አስቀምጦ ስንኝ እየነገረን፣ በየቀለሙ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ ሐረጉ ስድስት ቀለም መሙላቱንና ስንኙ ቤት መምታቱን ያስመረምረን ነበር። እኔ ሁልጊዜ አንድ ቀለም አጎድላለሁ፤ ጽጌረዳ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ እየነካች ታርመኝ ነበር።

ጽጌረዳ ትምህርቷን ጨርሳ በመምህርነት ሀርሺን ወረዳ ተመደበች። እዚያ ሳለች፣ ዝናቡ እንደገባ፣ ትኩሳት ያዛት። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና ጠፍቶ ከርሞ፣ በመጨረሻ ፍየል በጫነ አይሱዙ ጋቢና አሳፍረው ሲያመጧት፣ ጅጅጋ ሳትገባ አረፈች።

አባቴ ለቅሶው ላይ አላለቀሰም። በሶማሊኛ ‹ኤዶ›፣ አክስት፣ እያልን የምንጠራት ጎረቤታችን ሆዳን እናቴን ደግፋ ስታባብል፣ እሱ ጥግ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጠራኝና «እስኪ ይህን መርምሪልኝ» አለኝ።

የጅጅጋ ነፋስ ምነው ቀዘቀዘ፣
ጽጌረዳዬን ወስዶ ቤቴን አፈዘዘ።

«ሁለቱም ‹ዘ› ላይ አርፈዋል፤ ቤት መትቷል» አልኩት። ከዚያ ሐረጎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። «ሁለተኛው ስንኝ መጀመሪያው ላይ ግን ሰባት ሆኗል። ‹ጽጌረዳን ወስዶ› ብትለው ስድስት ይሞላል።»

«‹ዬ› ትውጣ ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባዬ፣ ትርፍ ናት።»

«አውቃለሁ» አለ። «እሷን ሳወጣት ግን ልጅቷ የሌላ ሰው ልጅ ትሆንብኛለች።»

ይህን ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናቴም ከኤዶ ሆዳን እጅ ወጥታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ሰዋስው ማስተማሩን ቀጠለ፤ የግጥሙ ምዕራፍ ሲደርስ ግን ክፍሉን ለባልደረባው እየለቀቀ ይወጣ ነበር። ለእኔም ከዚያ ወዲህ ስንኝ ነግሮኝ አያውቅም።

እናቴ ካረፈች ጀምሮ አባቴ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ወደ ቀብሪበያ የሚሄዱት ሚኒባሶች ሲያልፉ እናያለን። ያኔ ጽጌረዳና እኔ ትምህርቱ ሲረዝምብን «አባዬ፣ ለዛሬ ይበቃናል» እያልን እንለምነው ነበር። ዛሬ ከምሳ እስከ እራት አንድ ቃል ሳይወጣው ይውላል፤ እኔም ምን ብዬ እንደማስጀምረው አላውቅም።