የመርሳው ምሳ

ባለፈው ግንቦት ከደሴ ወደ ወልድያ ስመለስ አውቶቡሱ መርሳ ላይ ቆመ። ሻጮች ማንጎ በመስኮት ሲያቀርቡልኝ ሽታው የድሮውን አስታውሶ ሆዴን አባባውና ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቅብጠት አያምርም፤ ግን ወረድኩ።

በወጣትነቴ ወልድያ ኮሌጅ ስማር በሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ እጫወት ነበር። አሰልጣኛችን ጋሽ ይማም ያን ሁሉ ዘመን አሰልጥነው አንድም ዋንጫ አላነሱም። ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡበት ዓመት ግን ለፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው መርሳ ላይ፣ በትውልድ አገራቸው ሆነ። ከጨዋታ በፊት ምግብ አይነካም፤ ሕጋቸው ነበር። አንድ ጊዜ ቆሎ ስቆረጥም ይዘውኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ የምትሮጪው በሆድሽ ነው በእግርሽ?" ብለውኛል።

ለፍጻሜው ወደ መርሳ ስንጓዝ ጥር ነበር። ማሽላው ታጭዷል፤ በመርሳ ዙሪያ ያለው የሀብሩ ሜዳ ስስ ጭጋግ ለብሶ በመስኮት ያልፋል፤ አንዷ ከኋላ ታንጎራጉራለች። አሁን ሳስበው በሕልሜ የሄድኩበት መንገድ ይመስለኛል።

መርሳ ስንገባ የጋሽ ይማም ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘሐራ፣ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ዓረብ አገር ሄዶ የሞተባቸው የልጃቸው የአሊ ሰደቃ ለካ የዚያን ዕለት ኖሯል።

"እታለም፣ ጨዋታው ይለቅና እንመጣለን" አሉ ጋሽ ይማም።

"ዱዓው ደርሷል እኮ ይማምዬ። የአሊ እኩዮች አይደሉም እነዚህ? ደጄን አልፈው ሊሄዱ ነው? ለክርስቲያኖቹም ጎረቤቴ ለብቻ አርደውላቸዋል።"

ጋሽ ይማም ሰዓታቸውን አዩ፤ እኛን አዩ።

"ግቡ፣ ልጆቼ" አሉ።

በአንድ ዳስ ሁለት ማዕድ ቀርቦ በላን። እትዬ ዘሐራ እየዞሩ "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" እያሉ አጎረሱን። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ!

ሜዳ ስንገባ እግራችን ከመሬት አልነሳ አለ። የመርሳ ልጆች እንደ ግልገል ይዘላሉ። ተሸነፍን። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ጋሽ ይማም ኳሶቹን ሰብስበው አውቶቡሱ ላይ ጫኑ።

ባለፈው ግንቦት ያን ምሳ የበላንበትን ቤት ጠያይቄ አገኘሁት። እትዬ ዘሐራ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን እዚያ የሚኖሩት ጋሽ ይማም ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ብዙ ከተጨዋወትን በኋላ ያን ሁሉ ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ያ ዋንጫ አይቆጭዎትም?"

"እንዴት አይቆጨኝ! ዛሬም ይቆጨኛል" አሉ ፈጠን ብለው። ፊታቸውን ወደ ደጁ አዙረውም፣ "ዛሬም እታለም ደጅ ቆማ ብትጠራኝ ግን እገባለሁ።"

ወደ ወልድያ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ መጣ። ያኔ ያለቀስኩት ለዋንጫው ነበር፤ አሁን ግን ለእሳቸው ነው። ትክክለኛውን ያደረገ ሰውም ዕድሜ ልኩን ሊቆጨው እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።