የቬሎው ትርፍ ጨርቅ

አክስቴ በሆስፒታል ስፌት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች፣ የሐኪም ጋዋን ታሳጥራለች። ሜትሯን ከአንገቷ ስለማታወርድ የሥራ ጓደኞቿ «እትዬ ሜትር» ይሏታል። ለእኛ ግን እቴቴ ነች።

እቴቴ አንድ ሕግ አላት፤ ጨርቅ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል። የተቆረጠ ጨርቅ ግን ተመልሶ አያድግም» ትላለች። የአያታችን ቬሎ እስከ እኔ የደረሰው በዚህ ሕግ ነው። አያታችን ወፍራም ሴት ነበረች፤ ከእሷ ቀጥላ የለበሰችው እቴቴ ደግሞ መቃ። ትርፉ በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፋ። ለእናቴ ትንሽ ተለቀቀ። ከአራት ዓመት በፊት ለእኔ ሲለካ እቴቴ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«የምን ወር?»

«ሜትር አይዋሽም፣ ልጄ።»

ሁለት ጣት ለቀቀችልኝ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያቺ ሁለት ጣት ዛሬ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ጫማዋን አዟዙራ እያጠለቀች ታስቀኛለች።

ከእኔ በኋላ ተራው የእቴቴ አንድያ ልጅ ነበር። ታጭታ ሳለ ታመመች። ሰርጓ ስምንት ቀን ሲቀረው ቀበርናት። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ።

እቴቴ ወዲያው ሥራ ገባች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ሬዲዮኑ ቢጮህ አትቀንሰውም፣ ቢዘጋም አትከፍተውም። ከልጇ ዕቃ ያስቀረችው ትራሷን ብቻ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ሳቲን የተሰፋበት፣ አልጋው ራስጌ የሚቀመጥ ትራስ። አንድ ቀን ልጄ ጋደም ብትልበት እቴቴ በብብቷ ይዛ አነሳቻት።

ባለፈው ወር የታናሽ እህቴ ሰርግ ደረሰና ቬሎውን ልናስለካ እቴቴ ቤት ሄድን። እህቴ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ» አለቻት እናቴ።

«ዋጥኩ እኮ! ከዚህ በላይ ከዋጥኩ ዚፑንም እውጠዋለሁ።»

«ሊጡን ባትቀምሺ ኖሮ...»

«ኧረ ሽታው ነው ያወፈረኝ፣ እማ!»

ሳቅን። እናቴ ወደ እህቷ ዞረች። «ምን ታያለሽ? ጎኑን ክፈቺው እንጂ። የእናታችን ትርፍ እዚያው አለ አይደል?»

«የለም» አለች እቴቴ።

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ቆርጬዋለሁ።»

እናቴ ቁጭ አለች። «አንቺ? ጨርቅ?»

እቴቴ ስለ አንሶላ እንደምታወራ ሆና ነገረችን። ለልጇ ስታጠብበው ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ተደራረበ። ልጅቷ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ስለነበር «እማዬ፣ ጎኔን ይቆረቁረኛል» አለቻት። ስለዚህ ቆረጠችው። በቃ።

እህቴ ቀስ ብላ ቬሎውን አወለቀች። «ምን ችግር አለው? የሚከራይ ቬሎ ሞልቷል» አለችና ሽንት ቤት ገባች። ቧንቧው ተከፈተ፤ ሳይዘጋ ቆየ። ገና ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የአልጋ ልብስ ተከናንባ «እኔም የአያቴን ነው የምለብሰው» ስትለን የኖረች ልጅ ነች። ቧንቧ ከፍቶ የሚያለቅስ ሰው ማንን እንደሚያታልል እንጃ።

እቴቴ የቧንቧውን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች።

«ስንት ነው የጎደለው?» አለችኝ።

ዚፑ ሲቆም ክፍተቱን በጣቴ ለክቼው ነበር። «በየጎኑ አራት ጣት።»

ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ተከተልኳት። ትራሱን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ከመሳቢያ ምላጭ አወጣች። ያኔ ነው የገባኝ። የሆስፒታሉ የትራስ ልብስ የልጅቷን ጉንጭ ሲልጠው፣ እናቷ ከቬሎው የቆረጠችውን ሳቲን ጉንጯ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ሰፍታላት ነበር።

«እቴቴ፣ ተይው። እኔ ነገ ሳቲን ገዝቼ አመጣለሁ።»

«ቀለሙ አይገጥምም።»

«ይሄስ ቢሆን ስንቴ ታጥቧል!»

«ይሄ የራሱ ነው» አለች፤ የመጀመሪያውን ክር በጠሰች።

ፊቷን አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም። ተርትራ ስትጨርስ ሁለቱን ቁራጮች በካውያ ተኮሰችና ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ለእህቴ አይበቃ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጣት ያህል ተረፈ። ያንን ወደ ውስጥ አጠፈችው።

እህቴ ለበሰችው። ዚፑ እስከ ላይ ወጣ። እቴቴን ልታቅፋት ስትል «እጅሽን አንሺ፣ ብብትሽ ሥር ልየው» አለቻት።

በሰርጉ ዕለት እህቴ እጇን ሽቅብ እያነሳች ስትጨፍር ጎንና ጎኗ ላይ ደብዘዝ ያለው ጨርቅ ብቅ ይል ነበር። የምናውቅ አየነው፤ ሌላው ሰው ምኑን ያያል! እቴቴ ከጥግ ወንበር ላይ ሆና ምግቧን በላች።

በሳምንቱ ቬሎውን አሳጥቤ ልመልስ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ትራሱ ቦታው ላይ ነው። የተተረተረው ጠርዝ ክሩ እየተመዘዘ ተንጠልጥሏል። በሕይወቷ ያልተቀመቀመ ጨርቅ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

«ልቀምቅመው፣ እቴቴ?»

«ተይው።»

ቬሎውን ቁም ሳጥን ውስጥ ስሰቅል ልጄ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች፤ ራሷን ትራሱ ላይ ጣል አደረገች። ላነሳት ተጣደፍኩ።

«ተያት» አለች እቴቴ።

ልጄ ትንሽ ተኝታ ስትነሳ ነጭ ክር ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ነበር። እቴቴ አንድ በአንድ ለቀመችው፤ ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ልጅቷን ከትከሻ እስከ ተረከዝ ለካቻት። ስንት እንደሆነች አልነገረችንም።