እናቴ ታውቅ ነበር

መጀመሪያ የታመመው ሆዴ ነበር። ናይሮቢ ከመጣሁ፣ ጊጊሪ በሚገኝ የእርዳታ ድርጅት የዳታ ተንታኝ ሆኜ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አለቃዬ በስብሰባ መሃል ያዘጋጀሁትን ሠንጠረዥ አመሰገነችው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት አስመለሰኝ።

ምስጋናው የሚገባኝ አልመሰለኝም። ሌሎቹ በአንድ ሰዓት የሚጨርሱትን ፋይል እኔ ኪሌሌሽዋ ያለች ክፍሌ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ተቀምጬበት ነበር። አንዱን ዓምድ ሳልጨርስ ሌላው ውስጥ እገኛለሁ። ቀጠሮ እረሳለሁ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ መውረጃዬን አልፋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ያላየውን የተደጋገመ መዝገብ ገና ሳየው አገኘዋለሁ፤ እሱን ግን ዕድል ነው አልኩ። በስህተት እንደቀጠሩኝ፣ አንድ ቀንም እንደሚነቁብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። በአምስተኛው ወር ከሳሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤም ጻፍኩ።

ደብዳቤውን ሳልሰጥ ለጨጓራዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሱ ጭንቀቴን ሰምቶ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከኝ። ዶክተሯ ረጋ ያለች ኬንያዊት ናት። ብዙ ጠየቀችኝ።

«ኤዲኤችዲ ይመስለኛል» አለች፤ ትኩረትን የመቆጣጠር ችግር ነው። «ግን ከልጅነት የሚጀምር ነው። ልጅ ሳለሽ የሚያውቅሽን ሰው ማናገር አለብኝ።»

አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልን። እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

«ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ሐኪም አሳዪያት ብላኝ ወስጃት ነበር» አለች እናቴ።

ተረጎምኩ።

«ዶክተሩ የትኩረት ችግር ነው፣ ሕክምናም አለው አለኝ። ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።»

ተረጎምኩ።

«ቀደድኩት። ሰው እብድ እንዳይላት ብዬ። ለአባቷም አልነገርኩም።»

ይህን አልተረጎምኩም። ዶክተሯ ጠበቀችኝ። ሰነፍ፣ ዝርክርክ እያለች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ታውቅ ነበር።

«እማዬ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«ይኸው ተምረሽ ሥራ ይዘሽ የለ? ምን ጎደለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት። የቀረውን ለዶክተሯ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው።

መድኃኒት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መጠን ልቤን በፍጥነት ስላስመታው ዶክተሯ ቀነሰችልኝ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ከምክር ክትትሉ ጋር፣ አንድ ፋይል ከፍቼ እስኪያልቅ የምቀመጥባቸው ጠዋቶች እየበዙ መጡ። ለአለቃዬ የነገርኳት እየፈራሁ ነበር፤ እሷ ግን ሥራውን በቃል መንገሯን ትታ በጽሑፍ ትሰጠኝ ጀመር፣ መዝገብ የማጣራቱን ሥራም ለእኔ ተወችው። ጥርጣሬው አሁንም ይመጣል፤ ሥራዬን ግን አያስጥለኝም።

ለዶክተሯም ለአለቃዬም ምስጋናዬ ብዙ ነው። እንደ እኔ ለሆናችሁ የምለው፣ በከፋው ሳምንት ሥራ አትልቀቁ፤ መጀመሪያ ተመርመሩ። ልጅነታችሁን የሚያውቅ ሰው ስትጠይቁም ብቻችሁን አትሁኑ። ዶክተሯ አጠገቤ ባትኖር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ለእናቴ እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጎረቤቱ እናወራለን። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።